መብራት የጠፋበት ቶርኖ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያገለገለ የእንጨት ቶርኖ፣ ማለትም እንጨት እያዞረ በመሮ ክብ አድርጎ የሚያስወጣ ማሽን፣ ለማየት ወደ ቡራዩ ሄጄ ነበር። ቦታው ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ ሰፊ የእንጨት ሥራ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ሥራውን ወደ ኤምዲኤፍ ቁም ሳጥንና ወደ ኩሽና ካቢኔ ካዞረው ወዲህ ቶርኖው ጥግ ይዞ፣ የጣውላ ቁርጥራጭ ተቆልሎበት ከርሟል። እኔ ደግሞ የበርጩማና የረከቦት እግር፣ አንዳንዴም የደረጃ መደገፊያ ዘንግ በታዘዝኩ ቁጥር እንጨቴን ተሸክሜ የባለ ቶርኖ ደጅ መጥናት ሰልችቶኝ ነበር። ያገናኘን ደላላ በስልክ ሲያጣድፈኝ ሰንብቷል፤ ዕቃው የጣሊያን መሆኑን፣ ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ብረት ከእንግዲህ እንደማይገኝ ደጋግሞ ነግሮኛል። በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ እንደሚባለው ነው። (በነገራችን ላይ፣ የፋብሪካው ስም የጠፋበት አሮጌ ማሽን ሁሉ በአዲስ አበባ ገበያ የጣሊያን ነው።)

አብረውኝ የሄዱት ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በእንጨት ቶርኖ ላይ አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ስንደርስ ሻጩ ማሽኑን ጠራርጎ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ፣ በሁለቱ ሹሎች መካከልም አንድ የባሕር ዛፍ እግር አስሮ ጠበቀን። ማብሪያውን ሲጫነው እንጨቱ ወዲያው ክብ ሆኖ ታየ፤ ሻጩ መሮውን ሲያስጠጋ ስስ ልጭ እየተጠቀለለ ወደ ትከሻው መዝነብ ጀመረ። ደላላው ‹‹አላልኩህም?›› በሚል ዓይን አየኝ። እኔ ግን ጆሮዬን ከፊተኛው ራስ፣ እንጨቱን ከሚያዞረው ክፍል፣ በሚመጣው የማንጎራጎር ድምፅ ላይ ጥዬ ነበር፤ ያ ድምፅ ነገሩን እንደጨረሰው፣ ከዚህ በኋላ ያለው የዋጋ ቅነሳ ወይም ‹‹ደህና ዋሉ›› ብሎ መውጣት ብቻ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር።

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። እንጨቱ እየዘገመ ዞሮ ቆመ፤ ሻጩም ‹‹ይቅርታ አባባ፣ ሲመጣ ደውዬ ልጥራችሁ›› አላቸው። ጋሼ መልስ ሳይሰጡ መጀመሪያ ማብሪያውን አጠፉ፣ ቀጥለው ሶኬቱን ነቀሉ፣ ከዚያም ኮታቸውን አውልቀው ጣውላው ላይ አኖሩና ‹‹እንግዲህ አሁን ይታያል፤ ሲዞርማ ሁሉም ያምራል›› አሉ።

ይህች አነጋገር እስካሁን ትከነክነኛለች። አሮጌ ማሽን ሊገዛ የሚሄድ ሰው የሚጠይቀው ‹‹ይሠራል ወይ?›› ብሎ ነው፤ ሻጩም የሚመልሰው ማብሪያውን በመጫን ነው። በዚያ ከሰዓት ግን ስለ ቶርኖው የሚረባውን ነገር አብዛኛውን ያወቅነው ማሽኑ ሬሳ ሆኖ ቆሞ ሳለ ነው።

ማብሪያውና ቺንጋው

ጋሼ ከሁሉ አስቀድመው ማብሪያውን ያጠፉበት ምክንያት ራሱ የግምገማው አካል ነበር። ማብሪያው ተራ የግድግዳ ዓይነት ነው፤ መብራት ሲጠፋ እንደበራ ይቀራል፣ መብራት ሲመለስም ማሽኑ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይነሳል። ኮንታክተር ያለው ማስነሻ ቢሆን ኖሮ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ ይለቅቃል፣ እንደገና የሚነሳውም ሰው ቁልፉን ሲጫን ብቻ ነው። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር፣ ሰው እጁን በእንጨቱና በመሮው መደገፊያ መካከል አስገብቶ ሊለካ በሚችልበት ሥራ፣ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው፤ ኮንታክተርና ሁለት ቁልፍ መግዛት ነው። ስለዚህ ጋሼ ‹‹ይቀየራል›› ብለው አለፉት። ይህችን ‹‹ይቀየራል›› የምትለዋን ቃል በዚያ ቀን ብዙ ጊዜ ሰማኋት፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ሳይሏት ዝም ሲሉ ነው ልቤ የሚደነግጠው።

ቀጥለው የሞተሩን ጉልበት ወደ ሻፍቱ፣ እንጨቱን ወደሚያዞረው ዘንግ፣ የሚያደርሰውን ቺንጋ አወለቁት። ቺንጋው ተገጥሞ ሻፍቱን በእጅ ሲያዞሩት የሞተሩ ክብደት ሁሉንም ስሜት ይደብቃል፤ ቺንጋው ሲወልቅ ግን ሻፍቱ ብቻውን ይቀራል። እጄን እንዳሳርፍበት አዘዙኝና ቀስ አድርጌ እንዳዞረው ነገሩኝ። እንደ አሸዋ ያለ ነገር በጣቶቼ ሥር ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ፤ ያንጎራጎረው ድምፅ ምንጩ ይህ ነው፣ ሻፍቱ የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል። ከዚያ ዱላ ከሻፍቱ ሥር አስገብተው ወደ ላይ አነሱት፣ ወደ ጎን ገፉት፣ በመጨረሻም ወደ ራሳቸው ሳቡት። የሚፈልጉት ሻፍቱ በቤቱ ውስጥ መላወስ አለመላወሱን ነው። ትንሽ ይላወሳል፤ የሚላወሰው ግን ኩሽኔታው ውስጥ እንጂ ኩሽኔታው ከብረቱ ጋር በተገጠመበት ቦታ አልነበረም።

እኔን ያስደነገጠኝ ድምፅ በዚህ መልኩ ከዝርዝሩ ወጣ። የኩሽኔታው ቁጥር በስልክ መብራት ሲነበብ 6206 ነው፤ ይህ ቁጥር በየትኛውም አገር ቢሠራ የውስጡ ቀዳዳ 30፣ የውጩ 62፣ ውፍረቱም 16 ሚሊሜትር ማለት ነው። መርካቶ ውስጥ ማንኛውም ኩሽኔታ ሻጭ ቁጥሩን ሲሰማ እጁን ወደ መደርደሪያው ይሰዳል። ለገዢ የሚጮህ ችግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ ስለሚጮህ ያስፈራል፣ ስለሚያስፈራ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ለመጠገን ግን ግማሽ ቀን የማይፈጅ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያገለገለ ቶርኖ የሚፈልግ ሰው ኩሽኔታው ያለቀ ማሽን ሲያገኝ ሊደሰት ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ሌሎች ገዢዎችን አባርሮ ጠብቆታልና።

ጋሼ ዝም ያሉት ወደ ሻፍቱ ውስጥ ሲመለከቱ ነው። የእንጨት ቶርኖ ሻፍት አፉ ላይ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ፣ ሞርስ የሚባል ቀዳዳ አለው፤ እንጨቱን የሚነዳው ሹል የሚሰካው እዚያ ነው። ይኸኛው ሞርስ ቁጥር 2 ነው፣ አፉ 18 ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው። የሚሰካው ሹል የሚይዘው በሌላ ነገር ሳይሆን ብረት ከብረት ጋር በሙሉ ገጹ ሲጣበቅ ብቻ ስለሆነ፣ ሹሉ ውስጥ ለውስጥ እየዞረ ቀዳዳውን ፍቆት ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ጋሼ ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡና በሹሉ ጅራት ላይ ከላይ እስከ ታች መስመሮች አሰመሩ፤ ሹሉን በቀስታ ሰክተው ሩብ ዙር አዞሩና መልሰው አወጡት። ጠመኔው ከዳር እስከ ዳር እኩል ተፍቋል። በአፉ በኩል ብቻ ተፍቆ ቢሆን ኖሮ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነበር። ‹‹ይኼ ደህና ነው›› አሉ፤ ያን ጊዜ ነው እኔም የተነፈስኩት።

የሻፍቱን የውጭ ጥርስም ለኩ። እንጨት በቡሎን የሚታሰርበት ፍላንጅና እንጨት የሚነክሰው ቸክ የሚታሰሩት በዚህ ጥርስ ላይ ነው፤ አውሮፓ ሠራሽ በሆኑ ብዙ ቶርኖዎች ላይ ውፍረቱ 33፣ የጥርሱ ርቀት 3.5 ሚሊሜትር የሆነው ዓይነት የተለመደ ነው። የዚህኛው ከዚያ ይለያል፣ ስለዚህ የተዘጋጀ ቸክ ከሱቅ ገዝቶ መግጠም አይቻልም። ነገር ግን ወንዴው ጥርስ ካልተላጠ ሴቴውን ማንኛውም ጎበዝ የብረት ቶርኒስት ያወጣታል። ይህም ‹‹ይቀየራል›› ተባለ።

‹‹ምን ልታወጣበት ነው?››

የነገሩ ማዞሪያ የሆነው ቀጥሎ የመጣው ነው። ጋሼ በፊተኛው ራስና የእንጨቱን ሌላ ጫፍ በሚደግፈው በተንሸራታቹ ራስ ላይ አንድ አንድ ሹል ሰኩ፤ ተንሸራታቹን እየገፉ አመጡና ሁለቱን ሹሎች አፍ ለአፍ አገናኟቸው። መገናኘት ነበረባቸው፤ አልተገናኙም። የኋለኛው ሹል ከፊተኛው ወደ ጎን ወጣ ብሎ፣ በዓይን በሚታይ ያህል፣ ሁለት ሚሊሜትር ግድም ስቶ ቆመ። ደላላው ወዲያው ‹‹ትንሽ ናት›› አለ። ሻጩ ‹‹ስትሠራ አትታወቅም›› አለ። እኔ ደግሞ በልቤ ‹‹ማሽኑ ጠማማ ነው›› ብዬ ፈረድኩ።

ጋሼ ከሦስታችንም ጋር አልተስማሙም። ወደ እኔ ዞር ብለው ‹‹አንተ ምን ልታወጣበት ነው?›› ሲሉ ጠየቁኝ። የበርጩማና የረከቦት እግር፣ የደረጃ ዘንግ አልኳቸው። ‹‹ሙቀጫስ? ሳህን? ክዳን ያለው ዕቃ?›› አሉኝ። አሁን አይደለም፣ ምናልባት ወደፊት አልኩ። ‹‹እንግዲያው ለአሁኑ ሥራህ ይህ ጉድለት የለም፤ ለወደፊቱ ደግሞ አለ›› አሉኝ።

መጀመሪያ ሲሰማ ቅኔ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የሥራው ጠባይ ነው። እንጨት በሁለት ሹሎች መካከል ሲያዝ የሚዞረው ሁለቱን ሹሎች በሚያገናኘው መስመር ዙሪያ ነው። ያ መስመር ከአልጋው ጋር፣ ማለትም ሁለቱ ራሶች ከተቀመጡበት ረጅም ብረት ጋር፣ ትይዩ ባይሆንም እንጨቱ ክብ ሆኖ መውጣቱ አይቀርም፤ መሮውን የሚመራው እጅ ነውና ውፍረቱንም እጅ ያስተካክለዋል። በብረት ቶርኖ ላይ ቢሆን መቁረጫው ሐዲዱን ተከትሎ ስለሚጓዝ ያው ሁለት ሚሊሜትር ሥራውን ወደ አንድ ጫፍ ሾጣጣ አድርጎ ያበላሸዋል። በእንጨት ቶርኖ ላይም ቢሆን እንጨቱ በአንድ ወገን በቸክ ተነክሶ በሌላው ወገን ከተንሸራታቹ ራስ በሚመጣ ፑንታ ሲበሳ ነገሩ ይለወጣል፤ ፑንታው ከመሐል ስለሚስት ቀዳዳው ይሰፋል፣ እንጨቱም ከቸኩ ውስጥ እየተላወሰ ሊወጣ ይችላል። አንድ ጉድለት፣ በአንድ ማሽን ላይ፣ ለአንዱ ገዢ ምንም፣ ለሌላው ደግሞ ዋነኛ ነገር ሆነ።

ብዙ ያሰብኩበት ይህን ነው። ከመሄዴ በፊት ከሰው የሰማሁትንና ከቪዲዮ የለቀምኩትን ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ሻፍት፣ ሹል፣ ሞተር እያለ የሚወርድ ነው። በወረቀቱ ላይ ሁሉም እኩል ናቸው፤ እያንዳንዱ አጠገብ ምልክት ወይም ሰረዝ ይገባል፣ በመጨረሻ ሰረዙ ከበዛ ማሽኑ መጥፎ ነው። ጋሼ የሚመዝኑት ግን በሁለት ጥያቄ ነበር። አንደኛው ጉድለቱ የምሠራውን ሥራ ይነካል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚነካ ከሆነ ከዚህ ግቢ እስከ መርካቶው ምናለሽ ተራ ባለው ርቀት ውስጥ የሚያቃናው ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የእኛ ከተማ ጥያቄ ነው። ሌላ አገር ሞተር ቢቃጠል ይጣላል፤ እዚህ ይጠቀለላል። ሌላ አገር የጠፋ ቁራጭ ከፋብሪካው ይታዘዛል፤ እዚህ ናሙናውን የያዘ ሰው ቶርኒስት ዘንድ ሄዶ ያሠራዋል። በአንጻሩ እዚህ ከባድ የሚሆነው ሌላ ነው፤ የተሰነጠቀ ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት)፣ የተጠማዘዘ አልጋ፣ የተበላ ሞርስ። ውጭ አገር የተዘጋጀ የመግዣ ምክር እንደወረደ የማይሠራልንም ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለቱ ሚሊሜትርም በዚሁ ሚዛን ተመዘኑ። ፊተኛው ራስ አልጋው ላይ የተቀመጠው በአራት ቡሎን ታስሮ ነው። ቡሎኑ ሲላላ ራሱን ትንሽ ማዞር ይቻላል፤ ከፍታ ቢጎድለው ደግሞ ከሥሩ ስስ ላሜራ መደልደል ይቻላል። በብየዳ ተያይዞ ቢሆን ኖሮ ግን ሥራው መቁረጥና እንደገና መበየድ ይሆናል፤ ብየዳ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስበዋል፣ እንደታሰበውም አይቀመጥም። ከዚያ በፊት ግን አልጋው ራሱ የተጠማዘዘ አለመሆኑ መታየት ነበረበት። ጋሼ ሁለት ቀጥ ያሉ የተላጉ ጣውላዎችን በአልጋው ሁለት ጫፎች ላይ አጋድመው፣ ጎንበስ ብለው የአንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ አነጣጠሩ። ጠርዞቹ ተገጣጠሙ። አልጋው ቀጥ ያለ ነው፣ የሳተው ፊተኛው ራስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አገር ውስጥ ስለሚበየዱት ቶርኖዎች አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም፤ ሰው ሲንቃቸው ስለምሰማ ነው። ከአንጎላሬና ከአሮጌ መኪና ዕቃ ተበይደው የሚሠሩት ማሽኖች ስንቱን የአልጋ እግርና ስንቱን ረከቦት አውጥተዋል። ትልቁ ችግራቸው ቀላል መሆናቸው ነው፤ ክብደት የሌለው ቶርኖ ሚዛን ያልያዘ እንጨት ሲታሰርበት ይዘላል፣ መሮውም አብሮ ይዘላል። ለዚህም ቢሆን እግሩ መሐል ሳጥን ሠርቶ አሸዋ መሙላት ብዙውን ይፈታል። ሰው ለእግር ሥራ ብቻ የሚፈልግ ከሆነ፣ ስሙ ከጠፋ ‹‹የጣሊያን›› ማሽን ይልቅ ሠሪው በአካል የሚገኝበትን የአገር ውስጥ ማሽን ብመክረው አላፍርም።

ታርጋው

ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሽ ታርጋ በቀለም ተሸፍና ነበር። ሻጩ ሳይወድ በጨርቅና በቤንዚን አጸዳት። የተጻፈው 1.5 ኪሎዋት፣ 220/380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 1440 ዙር በደቂቃ ነው። ሥሪ ፌዝ፣ በሦስት የኃይል መስመር የሚሠራ ሞተር ነው ማለት ነው፤ እኔ ዘንድ ያለው ቆጣሪ ግን ሲንግል ፌዝ፣ ባለ አንድ መስመር ነው። ደላላው ‹‹ቆጣሪውን ታስቀይራለህ›› ሲል ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። ቆጣሪ እስኪቀየር ድረስ ማሽን ገዝቶ በሸራ ሸፍኖ ማስቀመጥ ወተቷን አለማየት ነው።

የታርጋዋ ቁጥር ግን ሌላ መንገድ ከፈተ። 220/380 የሚል ሞተር እያንዳንዱ የሽቦ ጥቅሉ 220 ቮልት የሚችል ነው፤ 380 ባለበት ቤት በኮከብ፣ 220 ባለበት ደግሞ በዴልታ ይታሰራል። ሲንግል ፌዝ ተቀብሎ ሥሪ ፌዝ 220 የሚያወጣ ኢንቨርተር ከተገኘ ይህ ሞተር በዴልታ ታስሮ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ታርጋዋ 380/660 ብትል ኖሮ ይኸው ኢንቨርተር ጉልበቱን መስጠት አይችልም ነበር፣ ስሌቱም ሌላ ይሆን ነበር። በዚያ ላይ ኢንቨርተሩ ፍጥነትን ቺንጋ ሳይቀይሩ ለመቀነስ ያስችላል። ስለዚህ የኢንቨርተሩ ዋጋ በማሽኑ ዋጋ ላይ ተደምሮ ነው መደራደር ያለብኝ፤ ሻጩ የሚጠራው ዋጋ የማሽኑ እንጂ የሚሠራው ማሽን ዋጋ አይደለም።

ሞተሩ ከዚህ ቀደም ተጠቅልሏል። ይህ ነውር አይደለም፤ ጠቅላዩ ጥንቃቄ ማድረግ አለማድረጉ ነው ጥያቄው። ሦስቱ ጥቅሎች ተለያይተው በቴስተር ሲለኩ እኩል ሊያነቡ ይገባል፤ አነበቡ። አንዳቸውም ከሞተሩ አካል ጋር ግንኙነት ሊኖራቸው አይገባም፤ አልነበራቸውም። ተራ ቴስተር በትንሽ ቮልት ስለሚለካ የደከመ ሽፋንን አያሳይም፣ ለዚያ በከፍተኛ ቮልት የሚለካ ሜገር የሚባል መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሜገር ግን በዚያ ግቢ አልነበረም። ያንን ስጋት ይዘን ነው የሄድነው።

ፍጥነቱን ያወቅነውም ሳይዞር ነው። ቺንጋው ከሚዞርባቸው ፑሌጃዎች የሞተሩ ትንሹ 6፣ የሻፍቱ ትልቁ 15 ሴንቲሜትር ነው፤ 1440 በ6 ተባዝቶ ለ15 ሲካፈል ዝቅተኛው ፍጥነት 576 ዙር በደቂቃ ይመጣል። ከሹሉ እስከ አልጋው ያለው ከፍታ 16 ሴንቲሜትር ስለሆነ ማሽኑ ከ30 ሴንቲሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስፋት ያለው እንጨት ያስገባል። እንጨት አውጪዎች የሚጠቀሙበት ልማዳዊ ስሌት አለ፤ የእንጨቱ ስፋት በሴንቲሜትር ከዙሩ ጋር ሲባዛ ከ15,000 እስከ 23,000 ባለው ውስጥ እንዲውል ይመከራል። 30 በ576 ሲባዛ 17,280 ነው፤ ይሆናል። ያው ባለ 30 ሴንቲሜትር እንጨት በ1440 ዙር ቢነሳ ግን ጠርዙ በሰከንድ ከ22 ሜትር በላይ፣ ማለትም በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስንጥቅ ያለበት እንጨት በዚህ ፍጥነት ሲበተን ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። አነስተኛ ፍጥነት የሌለው ቶርኖ ሰፊ እንጨት ያስገባል ተብሎ ሲሸጥ ካየሁ የምጠይቀው ፑሌጃዎቹን ለመለካት ነው።

ከቀለሙ ሥር

አዲስ ቀለም ባየሁ ቁጥር ሻጩን መጠርጠር ተገቢ አይመስለኝም፤ ዕቃውን አሳምሮ መሸጥ የማንም ወግ ነው። ይሁንና ካስት አይረን ሲሰነጠቅ የሚሰነጠቀው ቡሎን በሚገባበት ጥግ ነው፣ ቀለም ደግሞ ያንን ይደፍናል። ከተሰነጠቀ በኋላ ቢበየድም ብረቱ አስቀድሞ በሚገባ ካልሞቀና ተገቢው ኤሌክትሮድ ካልተገኘ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል። ጋሼ የአራቱን ቡሎኖች ዙሪያ እንዲፈቅላቸው ሻጩን አስፈቀዱ፤ የተፋቀውን ቦታ በነጭ ጋዝ አራሱት፣ ጠርገው አደረቁት፣ የጠመኔ ዱቄትም ነሰነሱበት። ስንጥቅ ቢኖር ውስጡ የገባው ጋዝ ቀስ እያለ ተመልሶ ጠመኔውን በቀጭን መስመር ያረጥበዋል። ቡና እስኪፈላ ጠበቅን። በሦስቱ ዘንድ ምንም አልታየም። በአራተኛው ጥግ አጭር መስመር ታየች፤ ጋሼ በጥፍራቸው ተከተሏትና ብረቱ በቅርጽ ሲፈስ የተረፈ ስፌት እንጂ ስንጥቅ አለመሆኗን፣ ወደ ቡሎኑ ቀዳዳ እንደማትደርስ አሳዩኝ። እኔ ብቻዬን ብሆን በዚያች መስመር ምክንያት ትቼው እሄድ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

መብራቱ የተመለሰው ፀሐይ ወደ መናገሻ በኩል ስታዘቀዝቅ ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩት መብራት ግድ የሚሏቸው ጥቂት ነገሮች ነበሩ። በሻፍቱና በኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማርከር ተሰመረ፤ ማሽኑ ከሠራ በኋላ መስመሩ ሳይቆረጥ ከተገኘ ቀለበቱ ሻፍቱ ላይ እየተንሸራተተ አይደለም ማለት ነው። አልተቆረጠም። ሞተሩ ከባድ እንጨት ታስሮበት ሲሠራ ቆይቶ በእጅ ተዳሰሰ፤ ሞቀ እንጂ አላቃጠለም፣ የቫርኒሽ ሽታም አልመጣም። የሚዞርበት አቅጣጫም ትክክል ነበር፤ ሥሪ ፌዝ ሞተር ሁለት ገመዱ ሲቀያየር በተቃራኒው ይዞራል፣ በተቃራኒው ሲዞር ደግሞ ፍላንጁ ከሻፍቱ ላይ ተፈትቶ ሊወጣ ይችላል። አዲስ ቦታ ላይ ሲተከል መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ መሆኑን ጋሼ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ።

ድርድሩ ረጅም አልነበረም። ኩሽኔታውን፣ ኮንታክተሩንና ኢንቨርተሩን እየጠራሁ ዋጋውን አወረድኩት፤ ሻጩም ማሽኑ ሲፈታ ከተመለከተ በኋላ ስለ ጣሊያን ማንሳት ተወ። የተካረርነው በመሮዎቹ ላይ ነው። ከማሽኑ ጋር በአንድ ጆንያ የቀረቡትን መሮዎች ሻጩ ለየብቻ ቆጥሮ ዋጋ ጠራባቸው። ጋሼ አንድ በአንድ ወደ መሳያው ድንጋይ አስጠጓቸው። አንደኛው ጥቂት፣ ደብዛዛና ቀላ ያለ ፍንጣሪ ብቻ አወጣ፤ ሙቀት የሚችለው ሃይ ስፒድ ብረት የሚያወጣው እንዲህ ያለውን ነው። የቀሩት እንደ ኮከብ የሚበተን ደማቅ ፍንጣሪ አወጡ፤ ከአሮጌ ሞረድ የተሠሩ ናቸው፣ በአንዳንዶቹ ላይ የሞረዱ ጥርስ ገና ይታያል። ሞረድ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፣ በሚዞር እንጨት ላይ ሲነክስ መሐሉ ላይ ሊሰበር ይችላል። አንዱን ብቻ እንደምወስድ፣ በሌሎቹ ምትክ ግን መደርደሪያው ሥር ያየሁትን አጭሩን የመሮ መደገፊያ እንዲጨምርልኝ ጠየቅሁት። ጎንበስ ብሎ አነሳውና አቧራውን በሱሪው ጠርጎ አይሱዙው ላይ ወረወረልኝ።